ፈረስ ላለው የተሰጠ ሞተር

አያ ፈረደ መሞቱን የሰማሁት አምባ ጊዮርጊስ ገበያ፣ የድንች ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። የደወለልኝ ጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ከአያ ፈረደ የሞተር መጠገኛ ጋራዥ፣ እኔም ከምሠራበት፣ ጎን የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ከአያ ፈረደ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሰዳደብ የኖረ ሰው ነው። "ማሩ፣ ያ ክፉ ሰው ጥሎን ሄደ" አለኝና ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ አዘዞ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ገብቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረ አንድ ባለ ከረባት ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ "ሞተር በላው አይደል? ድሮም ተነግሮት ነበር" አለኝ።

"ኩላሊቱ ነው የበላው" አልኩት። "አልጋው ላይ ነው የሞተ። ሞተሩ ጓሮ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ካላመንከኝ ሂድና ጠይቀው።"

ሰውየው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ይቀመጥ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ዘግይቼ ስለ ጀመርኩ የማይረባ ነገር የምጽፍበት ጊዜ የለኝም።

እዚያው ድንኳን ውስጥ "ደግ ሰው ነበር" ሲሉም ሰማሁ። ደግ አልነበረም። ደንበኛ ይሰድብ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሞተሩን እየገፋ መጣና፣ "ዝም ብሎ ነው የቆመ" አለ። አያ ፈረደ ዘይቱን በጣቱ ነክቶ አሸተተው።

"ይኸን ዘይት መቼ ነው የቀየርከው?"

"በቅርቡ።"

"ሞተር አይዋሽም፤ ባለቤቱ ነው የሚዋሽ። ውጣና እውነቱን ይዘህ ተመለስ።"

ሰውየው ወጥቶ በር ላይ ትንሽ ቆመና ተመለሰ። "ዓመት አልፎታል" አለ። አያ ፈረደም፣ "አሁን ግባ" አለው። እንዲህ ነበር። ካቻቢቴውን ከሲሊንደሩ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ውስጥ ይከታል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰው ቢያናግረው አይሰማም። ከባድ ነገር ከጠየቁት ደግሞ ጨርቅ አንሥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ይጀምራል። አሥሩ ጣት እስኪያልቅ መልስ የለም።

እኔን የወሰደኝ የሞተር ዕቃ አጣቢ አድርጎ ነው። ከዚያ በፊት ከወገራ ወጥቼ ድንጋይ ፈልጫለሁ፣ አሸዋ ጭኛለሁ፣ የሰው ግቢ ጠብቄአለሁ፤ ያንን አልተርክም። በሁለተኛው ዓመት ሞተር መፍታትና መግጠም ቻልኩ። እንግዲህ የተሠራውን ሞተር አስፋልት ላይ አውጥቼ ልሞክር አልኩት።

"መንጃ ፈቃድ አለህ?"

"የለኝም።"

"አምጣ።"

"ትምህርት ይጠይቃሉ፣ አያ።"

"ተማር።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

ጨርቁን አነሣ። አሥሩን ጣት ጠርጎ ሲጨርስ፣ "ዕድሜህን የጠየቀህ የለም" አለኝ።

ጠላሁት። ጠልቼውም ገባሁ። ልጄ ከምታክል ልጅ ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ "ሀ" አልኩ። እሱ እንኳን ሊያበረታታኝ፣ ምን ደረስክ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ መንጃ ፈቃዱን ይዤ ስመጣ አገላብጦ አየውና፣ "ፎቶው ያስደነግጣል" ብሎ የአንድ ደንበኛ ቁልፍ ወረወረልኝ። ምርቃቱ ይኸው ነበር።

ያን ጓሮ የቆመውን ሞተር አያ ፈረደ የገዛው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ሆኖ ነው። በመተማ በኩል የገባ፣ ስፖርት ሞተር የሚሉት ዓይነት ነው። ነጂው ደረቱን ታንከሩ ላይ አስተኝቶ፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ አጥፎ የሚቀመጥበት። እኛ ጋራዥ ከሚመጡት ሞተሮች አራቱን ብታስራቸው የእሱን ጉልበት አያክሉም። ከተማ ውስጥ ሲነዳው ግን የቀብር ሥርዓት ይመስል ነበር። ፒያሳ ላይ ባጃጅ ይቀድመዋል። "አያ፣ ሞተሩ ታሟል እንዴ?" እያሉ የሚስቁበትም ነበሩ። ሰኞ ሰኞ ጋራዥ ከመክፈቱ በፊት በደባርቅ መንገድ ኮሶዬ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ እንዴት እንደሚሆን ያየሁት አንድ ቀን ከኋላው አስቀምጦ ሲወስደኝ ነው። የጮህኩትን ጩኸት አልጽፍም። ስንመለስ፣ "እዚያ ላይ ምን አለ፣ አያ?" አልኩት።

"ሚስትም፣ ደንበኛም፣ መንግሥትም ከኋላዬ ናቸው" አለኝ።

የወደቀው በሐምሌ ነው። ሰው ሁሉ "ፍጥነት" ይላል። ፍጥነት አይደለም። ኮሶዬ አጠገብ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ በረዶ ጥሎ አስፋልቱን እንደ ጨው ሸፍኖታል፤ ከመታጠፊያው ወዲህ ደረቅ ነው። ታጥፎ ሲወጣ በረዶው ላይ ገባ። ሞተሩ ብዙም አልተጎዳም። የእሱ ግራ እግር ከጉልበቱ በላይና በታች ተሰበረ፤ ሦስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኛ።

በሦስቱ ቀን ውስጥ ነው ሚስቱ የተሳለችው። እትዬ ጥሩዬ የጤፍ ነጋዴ ናት፤ ቃሏ እንደ ሚዛኗ ነው፣ አታጎድልም። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክካ፣ "ጊዮርጊስ፣ እሱን ስጠኝና ሞተሩን ውሰድ" አለች። በአራተኛው ቀን አያ ፈረደ ዓይኑን ገለጠ። በአምስተኛው ቀን ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ከኮሶዬ ወዲያ ወዳለች አንዲት የገጠር ጊዮርጊስ ሄደ። ጫኙ እኔ ነኝ።

ነገሩን ለባሏ የነገረችው ጀሶው ሳይደርቅ ነው። እኔም ጋሽ ሰይድም አልጋው ግርጌ ቆመናል። አያ ፈረደ ኮርኒሱን እያየ፣ "ጊዮርጊስ ፈረስ አለው" አለ።

"ምን?" አለች።

"ፈረስ ላለው ሰው ሞተር ምን ያደርግለታል?"

"አትሳለቅ፣ ፈረደ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"ቃሉ ያንቺ ነው። ሞተሩ የእኔ ነበር።"

ጋሽ ሰይድ፣ "ሊብሬው በስምህ ነው፤ ክሰስ" አለው።

"ማንን ልክሰስ? ጊዮርጊስን? መጥሪያውን አንተ ታደርስልኛለህ?"

"እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በር ላይ ጥዬልህ እመጣለሁ" አለ ጋሽ ሰይድ። እትዬ ጥሩዬ እንኳ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ወራት ባልጽፋቸው ደስ ይለኝ ነበር። እግሩ ውስጥ ብረት ገባ። ቤቱ ሰው ሞላው። መጀመሪያ "እንኳን እግዜር አተረፈህ" የሚሉ መጡ። ቀጥለው ስለ ሞተር አደጋ የሚያወሩ መጡ፤ የእከሌ ልጅ እንዲህ ሆኖ፣ የእከሌ ወንድም አንገቱ እንዲያ ሆኖ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተሰብስበው መጡና፣ "ሁለተኛ ሞተር አልወጣም በለን" አሉት። ጨርቅ አልነበረውምና በአንሶላው ጠርዝ ጣቶቹን መጥረግ ጀመረ። አሥረኛው ጣት ላይ ደረሰ፤ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ።

በመጋቢት በክራንች ጋራዥ መጣ። አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ በሩን አስዘጋኝና፣ "ያችን ትንሿን ሞተር አምጣት" አለኝ። ሕፃን የሚነዳት ዓይነት ናት። ደግፌ አወጣሁት። አስነሣ፤ ማርሽ አስገባ፤ ግቢው ውስጥ እንደ አንድ አልጋ ርዝመት ያህል ሄደና ፍሬን ያዘ። እጁን አየሁት። መሪው ላይ እንደ ወንፊት ይርገበገባል። ፊቱ ላብ ሆኗል።

"አውርደኝ" አለ።

አወረድኩት። የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። ክራንቹን ይዤ ከጎኑ ቁጢጥ አልኩ።

"ማሩ፣ ይኸ ፍርሃት የማን ነው?"

"ያንተ ነዋ፣ አያ።"

"እርግጠኛ ነህ? ስምንት ወር ሙሉ ሰው እየመጣ ፍርሃቱን አልጋዬ ላይ አራግፎ ሄዷል። የጥሩዬ አለ፣ የሽማግሌዎቹ አለ፣ ያንተም አለ። የእኔ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኛል።"

"የሰው ከሆነስ?"

"የሰው ከሆነ እመልስላችኋለሁ። የራሴ ከሆነ ግን አርፌ እቀመጣለሁ። የራሱን ፍርሃት የማይሰማ ሰው ጅል ነው።" ትንሽ ቆይቶ፣ "ይኸን ለማንም ብትናገር መንጃ ፈቃድህን አበላሃለሁ" አለኝ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ይነግሣል። የስለት ዕቃ የሚጫረተውም ያን ቀን ነው። ከዋዜማው ቀን ቀደም ብሎ ቄሰ ገበዙ ሰው ላኩ፤ ሞተሩ ዘጠኝ ወር ቆሟልና ለጨረታ እንዲነሣ አንድ ሰው መጥቶ ይይልን አሉ። አያ ፈረደ እኔን ላከኝ። ስወጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ሰጠኝ።

"የግራውን እግር ማስቀመጫ በዚህ ቀይረው። የማርሹንም መርገጫ አብረህ ዝቅ አድርግ። ለገዢው ይመቸዋል።"

ፈትቼ አየሁት። ራሱ ቆርጦ ራሱ የበየደው ነው። ከድሮው በአንድ ጋት ዝቅ ይላል። ጉልበቱ አልታጠፍ ላለ ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አይመችም። ጨረታ እንደሚገባ በዚያ አወቅሁ፤ እሱም እንዳወቅሁ አወቀ።

ግቢውን ሳልሻገር እትዬ ጥሩዬ ከመጋዘኗ ጠራችኝ። በሯ ላይ ጤፍ እየተሰፈረ ነበር፤ ሰፋሪዎቹን አስወጣቻቸው።

"የቆዳ ጃኬቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶታል" አለችኝ። "ለንግሥ የቆዳ ጃኬት ይለበሳል እንዴ፣ ማሩ?"

የተጠቀለለውን ብረት ወደ ጀርባዬ አደረግሁ።

"አንተ ታውቅበታለህ። እንዳይነሣ አድርግልኝ። ሰባብረው አልልህም፤ ብቻ ያን ቀን እንዳይነሣ። አንድ ጊዜ እንቢ ካለው ይተወዋል። አውቀዋለሁ።"

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በትንሿ ሞተር ላይ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እጅ ከዓይኔ አልጠፋም ነበር። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ የሚያዝዘኝ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይሆንለት ቢቀር ምን ይመስላል ብዬ ለማየት የፈለገ ክፋት በውስጤ ነበረ። ሄድኩ። ዘይት ቀየርኩ፣ ካንዴላውን አጸዳሁ፣ አዲስ ባትሪ ገጠምኩ፣ ለቄሰ ገበዙ አስነሥቼ አሳየሁ። ብረቱንም አሰርኩ፤ ልክክ አለ። ከዚያ ሁሉም ሲሄዱ የሞተሩን ወንበር አንሥቼ፣ ኤሌክትሪኩን የምታሳልፈውን ዋናዋን ፊውዝ ነቀልኩ። የጣት ጥፍር ታክላለች። ኪሴ ከተትኳት።

በንግሡ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ሜዳው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሰይድም ፌስታል ይዞ መጥቶ ከእኛ ጋር ነበረ። ጃንጥላ ተጫረተ፣ ሙክት ተጫረተ፣ ምንጣፍ ተጫረተ። ሞተሩ ሲገፋ ሲመጣ ሰው ብድግ አለ። ከጎንደር የመጡ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ፤ እየተፎካከሩ ሰባ ሺ አደረሱት። ያኔ አያ ፈረደ በክራንቹ ተነሥቶ፣ "ሰማንያ" አለ።

ጎረምሶቹ ዞረው አዩት። ክራንቹን አዩ። ጨረታውን ተዉለት።

ቄሰ ገበዙ፣ "አቶ ፈረደ፣ የተሳለ መልሶ ቢገዛ ነውር የለውም፤ በረከት ነው" አሉ። "ብቻ እግርህስ?"

"እግሬን አልተሳለችም፣ አባ።"

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ ከሴቶቹ በኩል፣ "ሰማንያ አምስት" የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ጥሩዬ ናት። ቆማለች።

አያ ፈረደ አላያትም። "ዘጠና።"

"ዘጠና አምስት።"

"ኧረ ከአንድ ቤት ናቸው" አለ አንዱ ገበሬ። "ምን ሁነው ነው?"

"ከአንድ ቤት እንጂ ከአንድ ኪስ አይደሉም" አለው ጋሽ ሰይድ። ቀጥሎ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሮ፣ "አባ፣ እነዚህን ለማስታረቅ እንዳይቸኩሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ አይቸዋለሁ፤ ቆርቆሮ ይፈልጋል" አለ።

መቶ ደረሰ። መቶ አምስት ደረሰ። መቶ አሥር ደረሰ። ከዚያ አያ ፈረደ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞረ።

"ብትገዢው ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እዚሁ መልሼ እሰጠዋለሁ።"

"ለዓመቱ ደግሞ ይጫረታል።"

"ይጫረት።"

"እኔም እመጣለሁ።"

"እኔም እመጣለሁ።"

"እንግዲያው እስክንሞት ድረስ ሥራ አግኝተናል" አላት።

ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ግን እሱን ሳይሆን እኔን አየችኝ። ምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። አድርጌዋለሁ ለማለት አንገቴን ነቀነቅሁ። "ይውሰደው" አለችና ተቀመጠች።

ጋሽ ሰይድ ከፌስታሉ የቆዳ ጃኬቱንና ሄልሜቱን አወጣ። ለካ እሱም ገብቶበታል። አያ ፈረደን ደግፈን አወጣነው። የግራ እግሩ ያቺ ብረት ላይ ሲያርፍ እንደ ተለካ ነበር፤ ፊቱ ፈካ። ሰው መንገዱን ለቀቀለት። ቁልፉን አዞረ።

አንዲት መብራት አልበራችም። አጥፍቶ ደግሞ አዞረ። ምንም የለም። ቀደም ሲል ሲነሣ ያዩት ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ፣ "አልፈቀደም" አለች። ቃሉ ሜዳውን ዞረው። አልፈቀደም። ስለቱን መልሶ ሊወስድ ሲል ጊዮርጊስ አልፈቀደም።

አያ ፈረደ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ከእሱ ጋር በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። አብሬው የሠራሁት ሰው ባትሪ ይፈትሻል፣ ሽቦ ይከተላል፣ ይሳደባል። ያን ቀን ምንም አልፈተሸም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበና፣ "እንግዲህ ካልፈቀደ" አለ። ክራንቹን ለመቀበል እጁን ዘረጋልኝ።

አሁን ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ክራንቹን ማቀበል። እትዬ ጥሩዬ ባሏን ታገኛለች፣ ሽማግሌዎቹም ደስ ይላቸዋል፤ እሱም ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ካቻቢቴውን ጆሮው ውስጥ እንደ ከተተ ያረጃል። ፈርቶ ቢተው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ነው። በእኔ ኪስ ውስጥ ባለች ቁራጭ ላስቲክ ተታልሎ ሲተው ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ክራንቹን መሬት ጣልኩት። ፊውዟን ከኪሴ አወጣሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት ወንበሩን አንሥቼ ቦታዋ ላይ መለስኳት።

"አንተ ነህ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ማን አዘዘህ?"

ከሴቶቹ በኩል እትዬ ጥሩዬ ተነሥታ፣ "እኔ ነኝ" አለች።

አያ ፈረደ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረ። "አባ፣ ጊዮርጊስ ዘንዶ ሲወጋ ሰምቻለሁ" አለ። "ፊውዝ ሲነቅል ግን አልሰማሁም።"

ቄሰ ገበዙ መስቀሉን ወደ አፋቸው ወስደው ሳቃቸውን ደበቁ። እሱ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲነሣ ሜዳው ላይ የነበሩት በቅሎዎች ገመዳቸውን ጎተቱ። ማርሽ አስገባና ወጣ። እንዴት እንደ ወጣ ልንገርህ፤ እንደ ጀማሪ ነው የወጣው። ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ነበር።

በኋላ አላባረረኝም። ዓመት ሙሉ ግን ከጋራዥ ስወጣ በር ላይ ቆሞ፣ "ኪስህን" ይለኝ ነበር። ዘቅዝቄ አሳየዋለሁ። ሰው ፊት ነው የሚያስደርገኝ። ይገባኝ ነበር።

ያን ቀን እኛ ሦስታችን፣ እትዬ ጥሩዬና ጋሽ ሰይድ እኔም፣ ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ ሚኒባስ አግኝተን ወደ ጎንደር ተሳፈርን። እትዬ ጥሩዬ መስኮት ጋ ተቀምጣለች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "አንተ ሁለታችንንም ነው የከዳኸን" አለችኝ። "አንዳችንን መርጠህ ብትከዳ ይሻል ነበር።" ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

ኮሶዬ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ሞተሩ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"አቁም" አለችው ሾፌሩን።

"እትዬ፣ ሰው ጭኛለሁ።"

"አቁም አልኩህ።"

ወረድን። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አወጣ። አያ ፈረደ ሄልሜቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ በመሐረብ ጣቶቹን እየጠረገ ነበር። እሷን ዘሎ እኔን አየኝ።

"የራሴ ነው፣ ማሩ" አለኝ።

"እንግዲያው ተቀመጥ። የራሴ ከሆነ እቀመጣለሁ ያልክ አንተ ነህ።"

"ብያለሁ። ያኔ የራሴን አላየሁትም ነበር። አሁን እዚች ላይ ስደርስ ለብቻው መጣ፤ አየሁት። ትንሽ ነው። ትልቁ የእናንተ ነበር።"

"የምን ወሬ ነው የምታወሩት?" አለች እትዬ ጥሩዬ።

"ስለ ፍርሃት" አላት። "እዚህ ስደርስ ፈራሁና ቆምኩ።"

በሠላሳ ዓመት ትዳር ያን ቃል ከአፉ የሰማች አይመስለኝም። ቁጣዋ ጠፋባት። ከፊቱ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች፣ ደግማ አጣፋች።

"እኔ የፈራሁት ሞትህን አይደለም" አለችው። "ሰው ሁሉ ይሞታል። ሦስት ቀን አፍህን ከፍተህ፣ ስጠራህ ሳትሰማኝ ስትቀር፣ እሱን ነው የፈራሁት። ያን ሁለተኛ አታሳየኝ።"

ጣቶቹን ጠርጎ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ አልዞሩም።

"አላሳይሽም ብዬ ልምልልሽ አልችልም" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ግን እሄዳለሁ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ሄልሜቱን ከጭኑ ላይ አንሥታ ሰጠችውና ወደ ሚኒባሱ ተመለሰች። ሾፌሩን፣ "ከኋላው ሁን፤ እንዳትቀድመው" አለችው። ሾፌሩ አንገራገረ፤ ጋሽ ሰይድ፣ "ቅር ያለው ተሳፋሪ ካለ ወርዶ በእግሩ ይቅደመን" አለ። ማንም አልወረደም።

እንዲህ ሆነን ሄድን። ያ የሚፈራ ሞተር ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ቀርፋፋ ነበር። እንጨት የጫነች አንዲት አህያ ከጎናችን ብዙ ርቀት አብራን ተጓዘች። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ።

"ይኸ ነው እንዴ ያ የሚወራለት?" አለ አንዱ።

"እኔ የቀብር መኪና አይደለሁም፣ እትዬ" አለ ሾፌሩ።

እትዬ ጥሩዬ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጇ ይዛ የባሏን ጀርባ ብቻ ታያለች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ግንድ ሆኖ ዞረው። ሁለተኛው ላይ ትከሻው ትንሽ ጋደል አለ። ሦስተኛው ላይ ሞተሩም እሱም አብረው ተጋደሙና አብረው ቀና አሉ። አየችው። እኔም አየሁት። ከዚያ መንገዱ ቀና ብሎ ከፊታችን ተዘረጋ። ደረቱን ታንከሩ ላይ ሲያስተኛ አየን፤ ድምፁ ተቀየረ፤ ወዲያው ትንሽ ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ መንገዱ ብቻ ቀረ።

እትዬ ጥሩዬ ወንበሩን ለቀቀችና ወደ ኋላዋ ተደገፈች።

"አሁን እንደ ልብህ ንዳ" አለችው ሾፌሩን።